ሮም ላይ መክፈል ያቃተኝ ሳምንት

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይና ስለ ኮሎሲየም ነው። ሁለቱንም ከአውቶቡስ መስኮት አይቻቸዋለሁ፤ በቦታቸው አሉ። ሮምን አይታችሁ የማታውቁ፣ ለማየትም ያላሰባችሁ አንባቢዎቼ ስለ ሕንፃዎቹ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የማጫውታችሁ ሌላ ነው፤ ገንዘብ ለማውጣት ቆርጬ፣ አዲስ የካናዳ ክሬዲት ካርድ በኪሴ ይዤ ሄጄ፣ አንድ ስኒ ቡና እንኳ መግዛት እንዴት እንዳቃተኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ካናዳ ውስጥ ባንክ ደንበኛውን የሚወደው እስኪያገኘው ድረስ ነው። አዲስ ካርድ ስታወጡ «በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ በካርዱ ካወጣችሁ የእንኳን ደህና መጣችሁ ነጥብ እንሰጣለን» ይላል። ነጥቡ የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት የአባልነት ክፍያም ይምራችኋል። ዓመቱ ሲሞላ ፍቅሩ ያልቃል፤ ክፍያው ከች ይላል፤ ነጥቡ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ብልጥ ሰው ያን ጊዜ ካርዱን ዘግቶ ወደ ሌላ ባንክ ይሄድና እንደገና ይሞሸራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ዓመታት በአንድ ካርድ ኖሬ፣ ያጠራቀምኩት ነጥብ ያስገኘልኝ የዳቦ መጥበሻ ብቻ ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ መስፍን ነው። መስፍን ቶሮንቶ ከእኔ ጋር በአንድ ፋርማሲ ይሠራል፤ ስለ ካርድ ሲያወራ ግን ንስሐ አባት ይመስላል። «ታማኝነት ለትዳር ነው ብሩክ፤ ለባንክ ታማኝ የሆነ ሰው ሞኝ ይባላል» ብሎ አስተማረኝ። በእሱ ትምህርት ሊዝበንን አየሁ፣ ሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ላይ ተጋደምኩ፣ አንድ ጊዜም ነጥቡ ጊዜው ሊያልፍ ስለሆነ ብቻ በበረዶ ወቅት አይስላንድ ሄጄ ስንቀጠቀጥ ሰንብቼ ተመለስኩ። አባቴ ከአዲስ አበባ ደውለው «ወደዚህስ?» ሲሉኝ «አባባ፣ ነጥቡ ወደዚያ አያዋጣም» እላቸዋለሁ። አባቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ስሌት ላይ አይከራከሩኝም።

ዘንድሮ ግን አባቴ ዓይናቸው ደከመ። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። ከገና በኋላ ደውለው «ብርሃኑ ሳይጠፋብኝ ጽጌን ልያት። ለፋሲካ አምጣልኝ» አሉኝ። ጽጌ የሚሏቸው ታናሽ እህታቸውን ነው። አክስቴ እትዬ ጽጌ ሮም ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሰው ቤት አሮጊትና ሽማግሌ ሲያስታምሙ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አገር ቤት ረግጠው አያውቁም። ለምን ሲባሉ «ጉልበቴ ያን ያህል መንገድ ታጥፎ አይቀመጥም» ይላሉ።

መስፍን መፍትሔውን ወዲያው አገኘው፤ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነው የቢዝነስ ክላስ ወንበር፣ በነጥብ። የድሮውን ካርድ ዘግቼ አዲስ አወጣሁ። ማውጣት ከሚጠበቅብኝ ትልቁን ክፍል ለሮም አስተረፍኩት። ሦስት ወሩ የሚያልቀው እዚያ በምሰነብትበት ሳምንት ሐሙስ ዕለት ነው። ወጪው ከሞላ ነጥቡ ወዲያው ይገባል፤ ለአርብ ማታ ወንበሩን እይዛለሁ፤ አክስቴን ወደ አዲስ አበባ አሳፍሬ እኔ በማግስቱ ወደ ቶሮንቶ። «ሮም ሄዶ ገንዘብ ማውጣት ያቃተው ሰው አልተወለደም» አለኝ መስፍን። የእኔን መወለድ ረስቶት ነው።

ቅዳሜ፤ ከቶሮንቶ

አዲሱ ካርድ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወዳለው የክብር እንግዶች ሳሎን በነጻ ያስገባል። ገባሁ። ለስላሳ ሶፋ፣ ለስላሳ ሙዚቃ፣ ጠረጴዛ ሙሉ ምግብ። ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ሳህን ካነሳሁ በኋላ ነው። ዶሮው አይበላም፤ ሾርባው ክሬም አለበት፤ ሩዙ ቅቤ ይሸታል። ወይራ ፍሬ በደረቅ ብስኩት በልቼ፣ በነጻ የጠገብኩ መስዬ ወጣሁ። በነጥብ የያዝኩት መቀመጫ ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከመጸዳጃው በር ጎን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ይቅርታ ሲጠይቀኝ አደረ።

እሑድ

ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አክስቴ ቆመዋል። አጠር ያሉ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ከቅዳሴ ስለመጡ ነጠላቸው ካፖርቱ አንገት ላይ የተጠቀለለ። በስልክ ፎቶ ብቻ የማውቃቸው ሴትዮ አገላብጠው ሳሙኝና «አሎራ፣ እንሂድ» አሉ። ሁለት የባቡር ትኬት ገዝተው በእጃቸው ይዘዋል። የመጀመሪያው ወጪ አመለጠኝ። የባቡር ትኬት ነው፣ ምን ያህል ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ባቡሩ ውስጥ የት እንደማርፍ ጠየቁኝ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል ይዤ እንደከፈልኩ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሺታ መስሎኝ ነበር። ሆቴሉ በር ስንደርስ «አንተ ሻንጣውን ጠብቅ» ብለው ገቡና እንግዳ ተቀባዩን በጣሊያንኛ ያነጋግሩት ጀመር። ልጁ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ወረቀት አትሞ ሰጣቸው።

«ቫ ቤኔ፣ ብርህን መልሶልሃል» አሉኝ ሲወጡ።

«እትዬ! ምን ብለውት ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ነው፤ አንተ እናትህ ያለችበት ከተማ ሄደህ አልቤርጎ ታድራለህ ወይ? አልኩት። አፈረ።»

ሆቴሉ ካሰብኩት ወጪ ትልቁ ነበር። መስፍን እንዳስተማረኝ ደግሞ የተመለሰ ገንዘብ ከወጪው ላይ ይቀነሳል። ሮም በገባሁ በግማሽ ቀን ውስጥ ከቶሮንቶ ስነሳ ከነበርኩበት ወደ ኋላ ተመልሻለሁ።

የአክስቴ ቤት ከቲቡርቲና ጣቢያ ወዲያ፣ ያረጀ ሕንፃ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከሰውና ከሻንጣ አንዱን ስለሚመርጥ ሻንጣውን ልከን እኛ በደረጃ ወጣን። እሳቸው በየፎቁ ቆም ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አልጋቸውን ለእኔ አንጥፈዋል። ሶፋው ይበቃኛል ብዬ ብለምን ወይ ፍንክች። ቶሮንቶ ቢሆን ዘመድ ቤት ለማደር ከወር በፊት በመልእክት ይጠየቃል፤ የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ስንት ላይ እንደሚያልቅም ማታውኑ ይነገርሃል። እዚህ ለመውጣት ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው።

የጾም ፓስታ በቲማቲም እየበላን የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ባንኬ ነጻ ትኬት ስለሰጠኝ በአልጋ ወንበር ተኝተው ወደ አባባ እንደሚሄዱ። ገንዘብ ማውጣት እንዳለብኝ አልተነፈስኩም። ለእሳቸው ብዬ ሳንቲም እንዳወጣሁ ካወቁ ወንበሩን አይቀበሉማ። «እግዜር ይስጥልኝ። እናያለና» አሉና ሳህኔን እንደገና ሞሉት።

ሰኞ

ከተማውን የሚያሳየኝ ሰው ተመደበልኝ። አባ ዮናስ ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ ነገረ መለኮት የሚማሩ ካቶሊክ መነኩሴ ናቸው። የአክስቴን የፔንሲዮኔ፣ ማለትም የጡረታ፣ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ይዘው የዞሩላቸው እሳቸው ናቸው። «ካቶሊክ ቢሆኑም ወርቅ ሰው ናቸው» አሉኝ አክስቴ፣ አባ ዮናስ እዚያው ቆመው እየሰሙ። መነኩሴው የለመዱት ነገር ይመስላል፤ ሳቅ አሉ።

አባ እግረኛ ናቸው። እሳቸው በሰንደል ጫማ ሲፈጥኑ እኔ በስፖርት ጫማ አለከልካለሁ። ደከመኝ ብዬ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ያለ ወንበር ልቀመጥ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ለካ ሮም ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ቡና ዋጋው ሌላ ነው። «እንደ ሰው ቆመን እንጠጣ» አሉኝ። ቆመን ጠጣን። እኔ እንደ ቶሮንቶ ሒሳቡ በትሪ ይመጣል ብዬ ካርዴን ይዤ እጠብቃለሁ። ስኒዬን ሳስቀምጥ አባ በሩ ጋ ደርሰዋል።

«አባ፣ ሒሳቡስ?»

«ከፍለን እኮ ነው የገባነው።»

እዚህ ቡና የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ በር ላይ ካለችው ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል። እኔ ጣሪያውን ሳይ አባ ቅድም ከፍለዋል። ሁለተኛው ቡና ቤት ላይ ነቅቼ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሮጥኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ እኔንና መነኩሴውን አየችና የተቀበለችው ከእሳቸው ነው። ድሃ ሆኖ ለመኖር ቃል የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጋብዘኝ ዋለ። የለበሱት ሹራብ ክርኑ ላይ ተጥፏል። እንዲህ ያለ ነገር ሜክሲኮ አልደረሰብኝም።

ማክሰኞ

ዛሬስ አልሸነፍም ብዬ ተነሳሁ። አክስቴንና አባ ዮናስን፣ የአክስቴንም አራት የማኅበር ጓደኞች ተርሚኒ አጠገብ ወደሚገኝ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኩ። ከሰባት ሰው ሒሳብ ማን ያመልጣል? እንደገባን ቀድሜ ባለቤቱን ጋሽ በቀለን ጥግ ይዤ ካርዴን በእጃቸው አስጨበጥኳቸው። «ማንም ቢለምንዎት እንዳይቀበሉ፤ በዚህ ነው የሚከፈለው» አልኳቸው። «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

በያይነቱ መጣ፣ ተጨመረ፣ እንደገና ተጨመረ። ሴቶቹ የየሲኞራቸውን፣ የየአሠሪያቸውን አመል እየተረኩ እስኪያነቡ ሳቁ፤ አንዷ ለቤት ኪራይ ያስያዘችውን ካውሲዮኔ የከለከላትን አከራይ ስትራገም አባ እንኳ አሜን ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ስንነሳ ጋሽ በቀለ ካርዴን በናፕኪን ጠቅልለው መለሱልኝ።

«ደረሰኙስ ጋሼ?»

«የምን ደረሰኝ? ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም ብዬ በየሰው ቤት ስደበቅ፣ እትዬ ጽጌ በሲኞራዋ ወጥ ቤት በኩል ምግብ እያወጡ ነው ያኖሩኝ። የወንድማቸው ልጅ እኔ ቤት ሊከፍል? ሞቼ ነው!»

ካርዱ ሳይነካ ነው የተመለሰው። ሴቶቹ ደግሞ «ለመንገድህ» እያሉ በየተራ ኪሴ ውስጥ የታጠፈ ዩሮ ወሸቁልኝ። ሊከፍል የወጣ ሰው ተከፍሎት ገባ።

ረቡዕ

ሰው ካልጋበዝኩ ዕቃ እገዛለሁ ብዬ ብቻዬን ልወጣ ስል አክስቴ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ። አንድ የሚያምር የቆዳ ጃኬት መረጥኩ። ውስጡን ገልብጠው አዩ፣ ስፌቱን ሳብ አደረጉ፣ ሻጩን በጣሊያንኛ ጥቂት ነገር ጠየቁትና «ቆዳ አይደለም» ብለው አስቀመጡት። ጫማ መረጥኩ፤ «ሁለት ጫማ አለህ፣ ሦስተኛው ለየትኛው እግርህ ነው?» አሉ። በመጨረሻ ጉልበታቸውን አሟቸው የአንድ ሱቅ ወንበር ላይ ሲያርፉ ሾልኬ ከጎኑ ያለ የሰዓት መደብር ገባሁ። ዋጋውን አይቼ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊት በሕይወቴ በውድ ዋጋ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ካርዴን ሰጠሁ። መሣሪያው ጮኸ፤ እምቢ አለ።

ባንኩ ጋ ደወልኩ። ካናዳ ያለችው ሠራተኛ በጣም ትሁት ነበረች። ካርዱ ለደህንነቴ ሲባል እንደታገደ ነገረችኝ።

«ሮም ነዎት?»

«ከእሑድ ጀምሮ።»

«ከእሑድ ጀምሮ ምንም ነገር አልገዙም?»

«አልገዛሁም።»

«ቡናም? ታክሲም?»

«የሚያስከፍለኝ አጣሁ እመቤቴ።»

 ከዚያም ይህ ከአንድ መንገደኛ የሚጠበቅ ጠባይ ስላልሆነ ማንነቴን የሚያጣሩ ጥያቄዎች እንደምትጠይቀኝ ነገረችኝ። እገዳው እስኪነሳ የሰዓት መደብሩ ሰው ለምሳ ዘግቶ ሄደ፤ አክስቴም አገኙኝ። መስኮቱ ላይ ያለውን ዋጋ አይተው አማተቡ።

ሐሙስ

የመጨረሻው ቀን ነው። ጠዋት አክስቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርቾፊ የሚሉትን እሾሃማ አትክልት ሲልጡ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ካርዱን፣ ሦስት ወሩን፣ ሆቴሉን፣ ዛሬ ካልሞላ ወንበሩ እንደሚቀር።  አባባን የሚያስጨንቃቸው ጊዜ እንጂ ነጥብ አልነበረም፤ ዓይናቸው ደግሞ እንደ ባንኩ ቀን ቆርጦ አልነገረንም።

አክስቴ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አሎራ፣ ብዙ ካወጣህ በነጻ ይሰጡሃል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ነጻው የቱ ጋ ነው?»

መስፍን ቢኖር ይመልስላቸው ነበር። 

«እሺ ይሁን። እኔ ነገ በአልጋው ወንበር ሄድኩ። አንተስ?»

«እኔማ ቅዳሜ ወደ ቶሮንቶ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጡት።

«ብቻዬን ነው የምትሰደኝ?»

«ይተኙበታል እኮ እትዬ። ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴ ያመኛል፤ አልዋሸሁም። ግን ሲኞራን ልጇ ጋ ሚላኖ በባቡር ስንት ዓመት አመላልሻለሁ፤ ታጥፎም ተቀምጧል።» እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ፔርሜሶዬ ሊታደስ ገብቶ ነበር። ከወጣሽ መመለሻ የለሽም አሉኝ፤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ በየዓመቱ ሲሄዱ ሻንጣቸውን አስሬ ሸኛለሁ። እኔ ግን ያን በር ብቻዬን ማንኳኳት ፈራሁ። እሷ የማትከፍተውን በር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ስለ ወንበር ነው የጠየቅከኝ።»

በጣም አዘንኩ፤ አፈርኩም። «አምጣልኝ» የተባልኩትን ሰው እንደ ዕቃ ልልካቸው ነበር፤ ያውም በሚመች ወንበር ብዬ እየተኩራራሁ። «እኔም እመጣለሁ» አልኩ። ስንት ነጥብ እንደሚፈጅ ሳላሰላ በሕይወቴ የወሰንኩት የመጀመሪያው ጉዞ ነው። የቶሮንቶ መመለሻዬ ይቃጠላል፤ ይቃጠል።

መንገድ ላይ ግን ማስላቴ አልቀረም። ተርሚኒ አጠገብ ያለው የትኬት ቢሮ እስኪዘጋ ገና ነው። ሁለት ተራ ትኬት በካርዴ ብገዛ የቀረኝ ወጪ ሞልቶ ይፈሳል፤ አክስቴም ይሄዳሉ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ነጥቡም ይገባል። እግሬ ቀለለኝ። ቢሮው ውስጥ ያለችው የእኛው ልጅ ወንበሮቹን ይዛ ዋጋውን ስትናገር ካርዴን ወደ መሣሪያው ሰደድኩ። የአክስቴ መዳፍ ቀድሞ መሣሪያውን ሸፈነው። በሌላው እጃቸው ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ።

«እትዬ፣ በማርያም! በዚህ ቀልድ የለም!»

«ሥራ ስለቅ የሲኞራ ልጆች የሰጡኝ ነው። መሄጃዬ ብዬ አስቀመጥኩት። ሁልጊዜም የሁለት ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ካርዱን ለልጅቷ በጠረጴዛው ላይ አንሸራተትኩላት። ልጅቷ በሁለት ጣቷ መልሳ ገፋችው።

«ይቅርታ ወንድሜ። እሳቸው ቆመው ካንተ ብቀበል እናቴ ምን ትለኛለች?»

ሦስት ወሩ በዚያው ዕለት አለቀ። ለመስፍን ጻፍኩለት። «ነጥቡ ገባ?» ሲለኝ «አልገባም፤ እኔ ግን አገሬ ልገባ ነው» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

አርብና ቅዳሜ

አርብ ማታ አባ ዮናስ ሻንጣ ተሸክመው፣ ጋሽ በቀለ የጾም ስንቅ ቋጥረው ሸኙን። አውሮፕላኑ ውስጥ አክስቴ መተላለፊያው ጋ ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። መብራቱ ሲደበዝዝ ጫማቸውን አውልቄ እግራቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩላቸው። የአልጋው ወንበር እኔ ሆንኩ። እስክናርፍ አልተንቀሳቀስኩም፤ ብቀሰቅሳቸው ደግሞ ለአልጋውም ሊከፍሉኝ ይችሉ ነበር።

ቦሌ ስንደርስ ማግስቱ ሆሳዕና ነው። ቪዛ የሚጠየቀው ቦታ ላይ ኪሴን በረበርኩና ለወጉ ያሳደስኳትን ቢጫዋን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አወጣሁ። ከካርዶቼ ሁሉ ነጥብ የማትሰጠው፣ ይህን በር ግን የምትከፍተው እሷ ናት።

አባቴ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጎረቤት ደግፏቸው ቆመዋል። የእኔን መምጣት አልነገርናቸውም። አክስቴ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ደረጃ እንደሚፈራ ሰው አንድ አንድ እየረገጡ ቀረቡ። አባቴ የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ብዙ አዩት። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እኔም ሻንጣውን ይዤ አለቅሳለሁ።

ከዚያ አባቴ የሰው መኖር ተሰምቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ። ብሩክ ነኝ።»

እጃቸው ፊቴን ፈልጎ አገኘው። በአውራ ጣታቸው ጉንጬን ዳበሱ። ከዚያም እኔን እንደያዙ ወደ እህታቸው ዞረው «ጽጌዬ፣ ልጄን አመጣሽልኝ» አሉ።

የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አልተከራከርኳቸውም።